ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፦ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይስ ማስተርስ?

ምዕራፍ 6

በሦስተኛው ምዕራፍ የክሬዲት ሰዓት ምን እንደ ሆነና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን ድካም በምን እንደሚመዝኑት፣ በአምስተኛውም ምዕራፍ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት የትምህርት መስኩን ሲመርጥ የሚያጋጥመውን ውጣ ውረድ ስንመለከት ቆይተናል። አሁን የምንመጣበት ሰው ግን ከዚያ ወጣት የተለየ ነው፤ እርሱ አንድ ጊዜ ተምሮ፣ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ከቤተ ሰቡ ጋራ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ምናልባትም ጥቂት ዓመታት በሥራ ገበታ ላይ ውሎ ሳለ፣ ልቡናው ወደ ሌላ የእውቀት ዘርፍ ያዘነበለ ሰው ነው። የእርሻ ምሩቅ ሆኖ ጠበቃ መሆን የሚመኝ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ሕሙማንን ማስታመም የምትሻ፣ የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ሌሊቱን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲጽፍ የሚያነጋ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከፊታቸው ካሉት መንገዶች አንደኛው በአዲሱ መስክ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ መማር ነው፤ ሁለተኛው በዚያው መስክ በቀጥታ ማስተርስ መግባት ነው።

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቍጥር ከዘመድም ከመሥሪያ ቤት ባልደረባም የሚሰማው ምክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፦ «ዲግሪ እያለህ ለምን ወደ ኋላ ትመለሳለህ? ማስተርስህን ያዝ እንጂ!» ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የማዕርግን ከፍታ ብቻ ተመልክቶ የእውቀትን ሥርዓት ሳይመረምር የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ሰው አሳስቷል። በአገራችን እንዲህ ሥር የሰደደበትም ምክንያት አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር የመጀመሪያ ዲግሪ ራሱ ብርቅ ነበረ፤ ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ማስተርስ ለመማር የፈለገ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ስለዚህም «ማስተርስ አለው» ማለት «ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል» ከማለት ብዙ የማይርቅ ነበረ። ያ ዘመን አልፏል፤ ክብሩ ግን ከምክንያቱ ተነጥሎ እስከ ዛሬ በሕዝብ አእምሮ ውስጥ ቀርቷል።

የዚህ ምዕራፍ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ አንድን የእውቀት ዘርፍ ከጥንተ መሠረቱ ጀምሮ ያስተምራል፤ ማስተርስ ግን ያን መሠረት ተማሪው አስቀድሞ እንደ ያዘው ቈጥሮ ከዚያ በላይ ይነሣል። እንግዲህ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «ማስተርሱ አለህ ብሎ የሚያስበው መሠረት በእርግጥ አለኝን?» የሚል መሆን አለበት።

የአብነት ተማሪው ሁለት ጉዞዎች

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ደቀ መዝሙር ንባቡን ዘልቆ፣ ዳዊቱን ደግሞ፣ ወደ ዜማ ቤት ገብቶ፣ ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከመምህሩ እግር ሥር ለብዙ ዓመታት አጥንቶ፣ በመጨረሻም በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ወጥቶ አስመስክሮ ቢመለስ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዜማ መምህር ነው፤ ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችላል። ይህ የተከበረ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ቅኔ መማር አምሮት ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ቢሄድ፣ ዕድሜያቸው ከእርሱ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች መካከል ተቀምጦ ግሥ ያወርዳል፣ ቈጠራ ይቈጥራል፣ ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቅኔው መምህር «አንተ መሪጌታ ነህና ከመወድስ ጀምር» አይለውም፤ ቢለውም ለተማሪው ውለታ ሳይሆን በደል ይሆንበት ነበር፤ ግሡን ያላወቀ ሰው መወድስ ዘረፈ ቢባል ባዶ ቃል ደረደረ ከማለት በቀር ምን ሊባል ይችላል?

ነገር ግን ያ ሰው በዜማ ቤት ያሳለፈው ዘመን ከንቱ አይቀርም። ቅኔ በማሕሌት የሚቀርበው በዜማ ነውና የግዕዙንና የዕዝሉን ልክ አስቀድሞ የያዘ ሰው ሌላው የሚደናቀፍበትን ስፍራ በቀላሉ ያልፋል፤ የግእዙም ቃል ከድጓው ጋራ በጆሮው ገብቷል፤ ከሁሉም በላይ መማርን ራሱን ተምሯል። ከመነሻው ይጀምራል፤ ቢሆንም ከሌላው ቀድሞ ይደርሳል። ይህ የመጀመሪያው ጉዞ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ነው። ቅኔውን ተቀኝቶ፣ አገባቡን አውቆ የወጣ ሰው ወደ መጻሕፍት ቤት ቢገባ፣ የብሉዩ ወይም የሐዲሱ መምህር ግሥ ሊያስተምረው አይቆምም፤ ንባቡን ያስነብባል፣ አንድምታውን ይዘረግፋል፣ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ ትርጓሜውን በትርጓሜ ላይ ይደራርባል፤ ተማሪውም የግእዙን ባሕርይ ስለሚያውቅ ነገሩን ከሥሩ ይከታተላል። ያለ ቅኔ የገባ ተማሪ ቃሉን በቃሉ ሊይዘው ይችል ይሆናል፤ አንዱ ትርጓሜ ከሌላው የተለየበትን ምስጢር ግን ለመመርመር አቅም ያጥረዋል።

ከዜማ ወደ ቅኔ መሄድ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደ መማር ነው፤ ከቅኔ ወደ መጻሕፍት መሄድ ማስተርስ እንደ መግባት ነው። ስለዚህ በመስቀለኛው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው፦ አሁን የያዝሁት እውቀት ለምመኘው ትምህርት ቅኔ ይሆነዋልን፣ ወይስ ዜማ ብቻ ነው? የስታቲስቲክስ ምሩቅ ወደ ኢኮኖሚክስ ሲሻገር የያዘው ቅኔ ነው፤ የጂኦግራፊ ምሩቅም የከተማ ፕላን ለማጥናት ሲነሣ እንዲሁ። የሒሳብ መዝገብ ስትይዝ የኖረች ሴት ነርስ ለመሆን ስትነሣ ግን ትጋቷና የቍጥር ጥንቃቄዋ የተወደደ ዜማ ነው፤ የሰውነትን አሠራርና የመድኃኒትን ጠባይ ከመነሻው መማር አለባት።

የክሬዲቱ ምስጢር

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያህል ይጠይቃል፤ አስቀድሞ ዲግሪ ላለውና ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለሚሻ ሰው ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጠቅላላ ትምህርቱን እንደ ተማረ ቈጥረውለት፣ የአዲሱን መስክ ዋና ዋና ኮርሶች ጨምሮ ቢያንስ 30 ተጨማሪ ክሬዲት በእነርሱ ዘንድ እንዲወስድ ይደነግጋሉ። ማስተርስስ? እርሱም በብዙ መስኮች ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። እንግዲህ በሚዛን ላይ ቢቀመጡ ሁለቱ ሊቀራረቡ ይችላሉ። በአውሮፓ ስምምነት መሠረት ደግሞ የመጀመሪያው ዲግሪ ከ180 እስከ 240፣ ማስተርሱ ከ60 እስከ 120 ነጥብ ይይዛል፤ የቈጠራው መለኪያ ከአሜሪካው ስለሚለይ ቍጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይገባም።

ሁለቱን የሚለያቸው ከየት እንደሚነሡ እንጂ ስንት እንደሆኑ አይደለም። የመጀመሪያው ዲግሪ ሠላሳ ክሬዲት ተማሪውን በመስኩ መግቢያ ላይ አቁሞ በየክፍሉ ያዞረዋል፤ የማስተርሱ ሠላሳ ክሬዲት ደግሞ አንድን ክፍል መርጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ በዚያ ውስጥ ያኖረዋል፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻው የራሱን ጥናት ጽፎ በመምህራን ጉባኤ ፊት እንዲሟገትበት ይጠይቀዋል። በጠባቡ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሮ የቤቱን ሌሎች ክፍሎች ሳያይ የሚወጣ ሰው መኖሩ የታወቀ ነው፤ በሥራ ላይም ጐድሎት የሚታየው ይኸው ነው።

ይህ ሥርዓት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1215 የወጣው ደንብ በሥነ ጥበባት ክፍል ለማስተማር የሚነሣ ሰው ቢያንስ 6 ዓመት መማር እንዳለበት፣ በነገረ መለኮት ለማስተማር የሚሻ ግን ቢያንስ 8 ዓመት በዚያ ትምህርት ላይ መቆየትና ዕድሜው 35 መድረስ እንዳለበት ደንግጎ ነበር። በሥነ ጥበባት መምህር ተብሎ የተሾመው ሰው ወደ ነገረ መለኮት ሲሻገር እንደ ጀማሪ ከወንበሩ በታች ይቀመጥ ነበር፤ ይህንም ማንም እንደ ውርደት አልቈጠረበትም።

ሕግ የሚጠብቃቸው በሮች

እስካሁን የተናገርነው ስለ እውቀት ሥርዓት ነው፤ አንዳንድ ሙያ ግን ከእውቀቱ በላይ የመንግሥት ሕግ ይጠብቀዋል፤ በዚያም ጊዜ ምርጫው ከተማሪው እጅ ይወጣል።

የጥብቅናን ሙያ እንመልከት። በፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው በሕግ ትምህርት የተመረቀ መሆን አለበት። ይህ ምረቃ በአገራችን የሚገኘው በመጀመሪያ ዲግሪው የሕግ ትምህርት ነው፤ የሕግ ማስተርስም በመሠረቱ የተዘጋጀው ለሕግ ምሩቃን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሰብአዊ መብት የሚሰጠው ማስተርስ ከሌላ መስክ የመጡትን ሲቀበል ኖሯል፤ ትምህርቱም የላቀ ነው፤ ነገር ግን የሶሲዮሎጂ ምሩቅ በእርሱ ተመርቆ ጥቁሩን የጠበቃ ካባ ለመልበስ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በማታው ክፍለ ጊዜ ገብቶ ሕግን ከመግቢያው ቢማር ይሻለዋል፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኛም ይህን ሲያደርግ እናያለን። በአሜሪካ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚያ ሕግም ሕክምናም የሚጠኑት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስለ ሆነ የታሪክ ምሩቅ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ አያስፈልገውም።

በሕክምናም ዘንድ መንግሥት ራሱ በ2004 ዓ.ም. አዲስ መርሐ ግብር አውጥቶ፣ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ መስኮች አስቀድመው የተመረቁ ሰዎች ወደ ሕክምና ዶክተርነት ትምህርት እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ ከላይ ካየነው የዜማው መምህር ጉዞ ጋራ አንድ ነው፦ ከመነሻ መጀመር፣ ነገር ግን የቀደመውን ዕውቀት ቈጥሮ ዘመኑን ማሳጠር። ስለ መርሐ ግብሩ ጥራት በሐኪሞቹ መካከል ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ እኔም ክርክሩን እዚህ አልፈታም።

ከአገር ርቀው በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በብዛት የሚያነሡት የነርስነት ጥያቄ ነው። ነርስ ለመሆን የሙያ ፈቃድ ፈተና መቀመጥ፣ ለዚያም የታወቀ የነርስነት ትምህርት ማለፍ ግዴታ ነው፤ በጤና አስተዳደር ማስተርስ የያዘ ሰው በሆስፒታል ቢሮ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ሊያገኝ ይችላል፤ መርፌ ግን አይወጋም። ለዚህ ጉዳይ በዚያ አገር በሌላ መስክ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የተፋጠነ የነርስነት ዲግሪ አለ፤ አብዛኛው ከ11 እስከ 18 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ አናቶሚውንና ኬሚስትሪውን አስቀድሞ ያላጠና ሰው እነዚያን ከመግባቱ በፊት ይጨርስ ዘንድ ይጠየቃል። ታክሲ እየነዳ ወይም በመኪና ማቆሚያ እየሠራ የሚኖር የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ምሩቅ ይህን መንገድ ሳያውቅ ከአራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ጋራ ሲታገል ማየት ያሳዝናል።

ከየትም የመጣውን የሚቀበሉ

መሠረት የማይጠይቁ ማስተርሶችም አሉ። ከእነርሱም ዝነኛው የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ሕዝቡ ኤም.ቢ.ኤ. የሚለው ነው። ይህ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በሃርቫርድ ሲጀመር የታሰበው በሌላ መስክ የተማረ ሰው ሥራን መምራት እንዲችል ለማድረግ ነበረ፤ ስለዚህም መሐንዲሱም ሐኪሙም ቢገቡበት ከባሕርዩ ጋራ የሚጣላ አይደለም። የልማት ጥናትና የሕዝብ አስተዳደርም ከዚሁ ወገን ናቸው። በእኔ አስተያየት ግን እነዚህ ትምህርቶች ሙያን ያስፋፋሉ እንጂ ሙያን አይለውጡም፤ ሥራ ሳይሠራ፣ ሰው ሳያስተዳድር፣ ከምረቃ በቀጥታ ወደ ኤም.ቢ.ኤ. የገባ ወጣት የሚማረው ነገር ገና ያላየውን ጥያቄ መልስ ነውና ብዙውን ሳያጣጥመው ያልፋል።

ያልመረጡትን የተማሩ

አሁን ወደ አንድ ስስ ጉዳይ እንመጣለን። ከ2001 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ወስኖ ነበር፤ ወደ ዲፓርትመንት የሚደረገውም ምደባ በውጤትና በቦታ ብዛት የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ብዙ ወጣት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ምርጫው ባደረገው፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ባልመረጠው መስክ ተመርቋል። ዕፅዋት ሳይንስ ተምሮ ልቡ ግን ከቴአትር ጋራ የቀረ፣ ፊዚክስ ተመድባ ሥነ ልቡና የምትመኝ፣ እንደነዚህ ያሉ ብዙዎች አሉ።

እነዚህ ሰዎች ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ሲነሡ ምክንያታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ተቀላቅለው ስለሚገኙ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። አንደኛው ለአዲሱ መስክ ያለ እውነተኛ ናፍቆት ነው። ሁለተኛው ከአሮጌው መስክ ጋራ የተያያዘ ቂም ነው፤ ያለፈውን አራት ዓመት ከሕይወት መዝገብ ላይ ፍቆ እንደ አዲስ ለመጻፍ መፈለግ ነው። ቂም አይፋቅም፤ ትራንስክሪፕቱም አይፋቅም። ከዚህም የተነሣ የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቁ ትቶት ለመሸሽ የቸኮለው እውቀት አንዳንድ ጊዜ እርሱ ወደሚመኘው መስክ የሚያስገባ ቅኔ ሆኖ ሳለ ዜማ ብቻ ይመስለዋል፦ ስለ እርሻ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ የመሬት ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ፣ የቡና ንግድን የሚመራ ነጋዴ በአገራችን ያለ ሥራ የሚቀመጥበት ዘመን ገና አልመጣም። ውጤቱ ዝቅ ብሎ የተመረቀም ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ዲግሪ ይዞ የቀደመውን ለመሸፈን ያስባል፤ ለዚህ ሰው ማስተርሱ የሚጠይቀውን የመግቢያ ፈተና በሚገባ ተዘጋጅቶ ማለፍ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት ተጨማሪ ትምህርት ይልቅ የቀረበ መንገድ ሊሆንለት ይችላል።

ስለ ገንዘብና ስለ ዘመን

ሕግና ልማድ በሁለተኛ ጊዜ ለሚማር ሰው እጃቸው ጠበቅ ያለ ነው። በአሜሪካ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዘ ሰው ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲማርበት አይሰጥም፤ ዲግሪው ከአገር ቤት የመጣ ቢሆንም እንኳ እንደ ዲግሪ ይቈጠራልና፣ «የውጭው አይታይም» ብሎ በማመልከቻው ላይ ዝም ማለት ኋላ ዕዳ ያመጣል። በጀርመን የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለተኛ ጊዜ አንድ ዓይነት ማዕርግ የሚማር ሰው በየሴሚስተሩ 650 ዩሮ እንዲከፍል ደንግጓል፤ በቀደመው ዲግሪ ላይ የሚገነባውን ማስተርስ ግን በዚህ ውስጥ አያስገባውም። መንግሥታቱ ለአንድ ሰው አንድ መሠረት እንሰጣለን ማለታቸው ነው፤ ይህንም መኰነን አይቻልም።

በአገራችን ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ በማታው ወይም በርቀት ትምህርት፣ በራሱ ኪስ ይማራል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በየመስኩ የተደነገገውን የመውጫ ፈተና እንደ ማንኛውም ተማሪ ይቀመጣል። ማስተርስ የሚማር ሰው በአንጻሩ ከመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ፈቃድና ድጋፍ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችም ላይ ማስተርስ ላለው አመልካች የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ሲቀነስለት እናያለን፤ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ እምብዛም አይጻፍም። ይህ ለማስተርሱ የሚያደላ እውነተኛ ክብደት ነው፤ ልንክደው አይገባም።

ነገር ግን እነዚያኑ ማስታወቂያዎች ደግሞ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። «በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚል ቃል ሲገኝ፣ ተዛማጅ የሚባለውን የሚወስነው የሰው ሀብት ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ማስተርሱን ከመመልከቱ በፊት የመጀመሪያው ዲግሪ በመስኩ መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውየው ማስተርሱን ከመጀመሩ በፊት ሊቀጠርበት ወደሚመኘው መሥሪያ ቤት ሄዶ «በዚህ መስክ ማስተርስ፣ በሌላ መስክ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው ትቀበላላችሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለምዝገባ ከሚከፍለው ብር በፊት ያወጣው ርካሹ ወጪ የታክሲው ዋጋ ይሆናል።

ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጎራ ብሎ የማስተርሱን ሥርዓተ ትምህርት ይውሰድ፤ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ኮርሶች ስም እያነበበ ለእያንዳንዳቸው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። የጎደለው ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ብቻ ሆኖ ቢገኝ እነርሱኑ ለብቻቸው ተመዝግቦ መውሰድ የሚፈቅዱ ትምህርት ክፍሎች አሉ፤ በአሜሪካም በየሰፈሩ የሚገኙት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለዚሁ ይጠቅማሉ። የጎደለው ስምንትና ዐሥር ኮርስ ሲሆን ግን፣ ሌላውን የመጀመሪያ ዲግሪ ወደሚሰጠው ክፍል አልፎ ከቀደመው ትራንስክሪፕቱ ላይ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙለት በጽሑፍ ያስወስን፤ የቃል ተስፋ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሲለወጥ አብሮ ይሄዳልና።